ጫካው ራሱን የሚተክልበት ቀን

ጃንዋሪ 12፣ ዓርብ። አልዋክሮም

አቧራ፣ አቧራ፣ አቧራ። ሃርማታኑ ዘንድሮ ጨክኖብናል፤ ከበረሃ የተነሣው ትቢያ ሻዬ ውስጥ ሳይቀር ይገባል። ይሁን፤ ግዙፎቹ የባኩ ዛፎች ፍሬያቸውን መጣል ጀምረዋል፣ በየዛፉ ሥር ያሰርናቸውን፣ እንስሳ ሲያልፍ በራሳቸው ፎቶ የሚያነሡትን ካሜራዎች ካርድም ዛሬ ሰብስበን ጨረስን። ሾፌሬ ኢሳካ ካርዶቹን ሲያስረክበኝ፣ "ዶክተር፣ እኔ ያለሁበት ፎቶ ከተገኘ ሳያዩ ያጥፉልኝ። ካሜራ መኖሩን ረስቼ ዛፍ ሥር የሠራሁት ሥራ አለ" አለኝ።

ደክሞኛል። ፎቶዎቹ ይቆዩኝ።

ጃንዋሪ 14፣ እሑድ

ቤተ ክርስቲያን ቀረሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ያን ካየሁ በኋላ ቁጭ ብዬ ስብከት የምሰማበት ትዕግሥት ከየት ይመጣል?

በሥርዓት ልጻፈው። መምህሬ ፕሮፌሰር አካህ ዕድሜ ልካቸውን ያስተማሩት፣ እኛ ተማሪዎቻቸውም በየአገሩ ይዘነው የዞርነው አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፤ "በቀን ጫካው ባዶ ቤት ነው።" አደን በበዛበት ጫካ እንስሳቱ ሰውን ሸሽተው የሌሊት ፍጡር ሆነዋል ማለታቸው ነው። ከዳካር እስከ ኪንሻሳ ይህን ሳይጠቅስ ስለ ጫካ የጻፈ የለም። እኔም የዶክትሬት ሥራዬን የገነባሁት በዚሁ ላይ ነው።

ዛሬ ፎቶ ከፈትኩ። ረፋድ ላይ፣ ጠራራ ፀሐይ፣ አንዲት ሚዳቋ ከነግልገሏ ባኩ ሥር ቆማ ፍሬ ትበላለች። የካሜራው ሰዓት ተበላሽቷል አልኩ። ሌላ ካርድ ከፈትኩ፤ የጫካ አሳማዎች፣ በቀን። ሌላ፤ ድመት የሚያክለው የጫካ አይጥ፣ በቀትር፣ የባኩ ዘር በአፉ ነክሶ ሲሮጥ። ሰዓቱ ሁሉ በአንዴ አይበላሽም! ከዚያ ቀኖቹን አየሁ። ረቡዕ። ረቡዕ። እንደገና ረቡዕ።

ረቡዕ የተቀደሰው የኦኮማ ወንዝ ቀን ነው። በአልዋክሮም ያን ቀን ጠመንጃም ቆንጨራም ይዞ ጫካ የሚገባ የለም። እኛም አንገባም፤ ፕሮፍ ገና በወጣትነታቸው ለተማሪዎቻቸው ያወጡት ሕግ ነው። "ረቡዕ ልብስ ይታጠባል" ይሉ ነበር። ስለዚህ ይህን ሁሉ ዘመን ከእኛ ወገን ጫካውን ረቡዕ ያየ የለም። ካሜራ ግን ወንዝ አይፈራም።

እንስሳቱ ቀን ይቆጥራሉ! ባይቆጥሩ እንኳ ዝምታውን ያውቁታል።

ጃንዋሪ 17፣ ረቡዕ

ልብስ አጥባለሁ። ከጓሮው ማዶ ጫካው ቆሟል፤ አሁን እዚያ ውስጥ ምን እየተደረገ እንዳለ አውቃለሁ። በዚህ ዓለም ላይ የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ! አንዱን ሸሚዝ ሁለት ጊዜ አጠብኩት።

ጃንዋሪ 23፣ ማክሰኞ

ዛሬ ከኢሳካ ጋር እንደ ሰርገኛ ጨፈርን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዝሆኑ ካለቀ ወዲህ የባኩን ዘር ማን ያመላልሰዋል የሚለው ጥያቄ የሁላችንንም ራስ ሲያዞር ኖሯል። ሌሊት አይጡና ጃርቱ ከጥልቁ ጫካ አይወጡም። ረቡዕ ቀን ግን ተዝናንተው እስከ ካካዎ እርሻው ድንበር ድረስ ይመጣሉ፤ ዘሩን ቀብረው ይሄዳሉ፤ ግማሹን ይረሱታል። ካሜራው የቀበሩበትን ቦታ አሳየን። ሄደን አየን። ቡቃያ! የእጄን መዳፍ የሚያክል ቅጠል ያወጣ የባኩ ቡቃያ፣ በየቦታው።

ጫካው ራሱን የሚተክለው ረቡዕ ነው። ይህን ዓረፍተ ነገር ወረቀት ላይ ጽፌ ብቻዬን ደጋግሜ አነበብኩት። ፕሮፍ የራሳቸው ዓረፍተ ነገር አላቸው። ይሄኛው የኔ ነው።

አንድ ነገር ብቻ እንቅልፍ ይነሣኛል፤ የአቢጃኑ ተመራማሪ ሴሪ። ድንበር ተሻግሮ ያለው ጫካ ውስጥ ካሜራ ሰቅሏል፣ ጎበዝ ነው፣ እጁም ፈጣን ነው። ቢቀድመኝስ?

ጃንዋሪ 27፣ ቅዳሜ። ኩማሲ

ፕሮፍ ቤት ሄድኩ። በረንዳው ላይ በቆርቆሮ ያፈሉትን ችግኝ ውኃ ያጠጣሉ። ፎቶዎቹን አሳየኋቸው። የግልገሏን ፎቶ ይዘው ብዙ ቆዩ፤ ሣቁ፤ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። ደስታዬ ወሰን አጣ። ከዚያ፣

"ቬራ፣ ረቡዕን ተዪው" አሉኝ።

"ምን ማለትዎ ነው፣ ፕሮፍ?"

"የቀረው ስድስት ቀን ይበቃሻል። ስለ አይጡ ጻፊ። ስለ ዘሩ ጻፊ። ቀኑን ተዪው።"

"ነገሩ ሁሉ ያለው እኮ ቀኑ ላይ ነው!"

"ሾርባው ይቀዘቅዛል፣ ነይ እንብላ።"

በላን። አንድም ነገር አልጠየቁኝም። አልገረማቸውም፤ ያናደደኝ ይሄ ነው። ዕድሜ ልካቸውን የኖሩበት ዓረፍተ ነገር ሊፈርስ ሲል ሰውየው "ተዪው" ይላሉ። እንደ አባቴ ነው የማያቸው፤ ግን አባትም ቢሆን ልጁ ሲበልጠው ደስ ሊለው ይገባል።

ፌብሯሪ 3፣ ቅዳሜ

እጽፋለሁ። ጋሪ የምንለውን የካሳቫ ዱቄት በውኃ በጥብጬ በላሁ፣ ሌላ ነገር ለማብሰል ጊዜ የለም።

መንሲማ፣ ቢሮዋ ከቢሮዬ ጎን ነው፣ በራፌ ላይ ቆማ፣ "ፕሮፍን ልትገለብጫቸው ነው አሉ" አለችኝ።

"ማን አለ?"

"ግድግዳው። ደግሞ ጥሩ ነው፤ የማዕረግ ኮሚቴው ኤፕሪል ላይ ይቀመጣል። በዚህ ሥራ ካላለፍሽ በምንም አታልፊም።"

የፕሮፍን የሰማንያኛ ዓመት በዓል በማርች ልናከብርላቸው ነው፤ ዋናውን ንግግር የማደርገው እኔ። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ነው የምናገረው። በክብር፣ በትሕትና። ግን እናገረዋለሁ።

ፌብሯሪ 9፣ ዓርብ። አልዋክሮም

ጽሑፉ ለመጽሔቱ ተላከ! አጭር ማስታወሻ ስለሆነ ቶሎ ይመልሳሉ።

ዛሬ ደግሞ እንደ ደንቡ ውጤቱን ለከተማዋ ሽማግሌዎች አቀረብኩ። ንግሥት እናት የሚባሉት ናና አሁባ መሐል ተቀምጠዋል፤ ፎቶዎቹን በእጅ በእጅ ተቀባበሏቸው። አዳኞቹ ተያዩ። አንዱ፣ "ይቺ ሚዳቋ ወፍራለች" ብሎ ሁሉንም አሣቀ። እኔ እንደጠበቅሁት እልል አላሉም። ምናልባት አነጋገሬ ከብዷቸው ይሆናል።

ናና ሁሉንም ሰምተው፣ "ደግ ሥራ ነው፣ ልጄ። አሁን ይህን ለማን ነው የምትነግሪው?" አሉ።

"ለዓለም ነዋ፣ ናና!"

"ዓለም ረቡዕ ረቡዕ ምን ይሠራል?"

ሣቅኩ። እሳቸውም ሣቁ፤ ዘግይተው። "ዝም አይነቅዝም ይላሉ" አሉ ስነሣ፤ ስንቅ እንዲሆነኝ ፕላንቴን ሙዝ አሸከሙኝ። ደግ ሴት ናቸው።

ፌብሯሪ 16፣ ዓርብ። ኩማሲ

ሬዲዮ! ዛሬ ጠዋት ሬዲዮ ላይ ቀረብኩ! ጽሑፉ እስኪወጣ መጠበቅ ነበረብኝ፤ ግን ሴሪ በሚቀጥለው ወር ስብሰባ ላይ "አዲስ ግኝት" ያቀርባል የሚል ወሬ ሰማሁ፤ ሕዝብ አንዴ ከአፌ ከሰማው የኔ ነው።

አቅራቢው ተጫዋች ልጅ ነው። "አንቲ ቬራ፣ ሚዳቋ ሰዓት ታስራለች እያልሽን ነው?"

"ሰዓት አታስርም፣ ግን ረቡዕን ከሰው የበለጠ ታከብራለች!"

"እንግዲህ ረቡዕ ጫካው ገበያ ሆኗል በይኛ! የት ነው ይሄ ጉደኛ ጫካ?"

አልዋክሮም አልኩ። ስማቸው ይጠራ፣ ይኩሩበት ብዬ ነው። ከምዕራቡ መንገድ የት ጋ እንደሚታጠፍም ነገርኩት፤ ጠየቀኝ እኮ።

ስልኬ አላርፍ ብሏል። እግሬ መሬት አልነካ አለ።

ፌብሯሪ 19፣ ሰኞ

መልስ መጣ! ገምጋሚዎቹ ወደውታል፤ ትንሽ እርማት ብቻ። ሴሪ ራሱ ጽፎልኛል፤ "እንኳን ደስ ያለሽ፣ ቀደምሽኝ።" ቀደምኩት! ፕሮፍ አልደወሉም። ሬዲዮ እንደሚሰሙ አውቃለሁ፤ ያ ሬዲዮ ከጆሯቸው ተለይቶ አያውቅም።

ፌብሯሪ 22፣ ሐሙስ። አልዋክሮም

መንገድ ላይ በየመታጠፊያው ሥጋ ተሰቅሏል፤ ሚዳቋ፣ ጃርት፣ ሁሉም ትኩስ። ኢሳካ ቆም አላለም፤ ሌላ ጊዜ እኔ ሳልናገር ነበር የሚያቆመው። ማሜ ኤኩባ ምግብ ቤት ገብቼ ፉፉ በሚዳቋ ሾርባ በላሁ፤ አስደግሜ።

"ከየት ተገኘ ይሄ ሁሉ?" አልኳት።

"ከጫካ ነዋ፣ ዶክተር! ከባሕር ይመጣል ብለሽ ነው?"

ድርቁ ይሆናል። በድርቅ ጊዜ ወደ መንገድ ይወጣሉ፤ የታወቀ ነው። ለማንኛውም ጠግቤ ተነሣሁ።

ፌብሯሪ 29፣ ሐሙስ

የትናንቱን ረቡዕ ፎቶ አየሁ። ሚዳቋዋ አልመጣችም። አሳማዎቹም። አንዱ ፎቶ ላይ ቦት ጫማ ያደረገ ሰው እግር አለ፤ ከጉልበቱ በላይ አይታይም። መንገደኛ ይሆናል፣ መንገድ ጠፍቶበት። ለኢሳካ አሳየሁት፤ አየና የመኪናውን መስታወት መወልወል ጀመረ። እኔ የማውቀው ኢሳካ ሳይቀልድ የሚያልፍ ሰው አይደለም።

አንድ ሰው አንድ ቀን ቢገባ ምን ይሆናል? ምንም። እርማቱን ነገ እልካለሁ።

ማርች 6፣ ረቡዕ

ዛሬ የነጻነት ቀን ነው። የትምህርት ቤቱ ልጆች ባንዲራ ይዘው በአለቃው ግቢ ፊት ሲሰለፉ ከናና አሁባ ጎን ተቀምጬ ነበር። ከበሮው እየተመታ ጧ! አለ። ርችት መሰለን፤ ሰው አጨበጨበ፣ እኔም አጨበጨብኩ። ናና አላጨበጨቡም። ሁለተኛው ጧ! ሲል ከበሮው ቆመ። ከጫካው ነው።

ወጣቶቹ ቆንጨራ እያነሡ ሮጡ። ሮጠው ሮጠው ጫካው ዳር ሲደርሱ ቆሙ። ረቡዕ ነዋ! መግባት አይችሉም። አዳኞቹ፣ አባቶቻቸው፣ እኔ፣ ሁላችንም ጫካው ዳር ቆመን ተኩሱን እናዳምጣለን። አንዱ ወጣት እያለቀሰ ቆንጨራውን መሬት ላይ ይሰካል፣ ይነቅላል። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ተኮሱ።



ማርች 7፣ ሐሙስ

ገባን። ባኩ ሥር ፍሬው በደም ተነክሯል። የሞተር ብስክሌት ጎማ ምልክት እስከ ጥልቁ ድረስ። ካሜራዎቹ ተነቅለው ተወስደዋል።

አንደኛውን ሰው መንገዱ ላይ ይዘውት ነበር። ከሩቅ የመጣ ነው፤ አልፈራም፣ አላፈረም። "ምን አጠፋሁ? በሬዲዮ የሰማሁትን ነው የሠራሁት። ዶክተሯ ራሷ ናት ረቡዕ ያለችው" አለ። ሰዎቹ ዘወር ብለው እኔን አዩ።

ስንት ዓመት ሥራዬን ማን ያነበው ይሆን፣ ማን ይጠቅሰው ይሆን እያልኩ ስጨነቅ ኖርኩ። ከማንም ቀድሞ በተግባር ያዋለው ይሄ ሰውዬ ሆነ። ያን ሐሙስ የበላሁት ሥጋ ከየት እንደመጣ አላውቅም ነበር? አውቅ ነበር። አስደግሜ በላሁ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች፤ እኔ ነኝ።

ማርች 10፣ እሑድ

ናና አስጠሩኝ። በደሉ የወንዙን ቀን ማስደፈር ነው፤ ቅጣቱ በግና ሁለት ጠርሙስ ሽናፕስ አረቄ። "ቤተሰብሽ የት አለ? እንዲህ ያለ ነገር በብቸኛ ሰው ላይ አይፈረድም" አሉኝ። እናቴ ታኮራዲ፣ ታማለች፤ ዎፋ የምለው ያሳደገኝ የእናቴ ወንድም ከሞተ ቆይቷል። 

ትሮትሮ የምንለው ሚኒባስ ከአደባባዩ ቆመ። ፕሮፍ አካህ ወረዱ፤ በዚያ ዕድሜ፣ በዚያ አቧራ፣ ከኩማሲ ድረስ፣ የበግ ገመድ ይዘው። በጉ ከመኪናው አልወርድም ብሎ ጎተቷቸው።

"ልጄ ናት፤ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። በጉ ከኔ ነው" አሉ ለሽማግሌዎቹ፤ መጥተው ከጎኔ ተቀመጡ።

ናና ከት ብለው ሣቁ። "አካህ፣ አንተ በወጣትነትህ ብልጥ ነበርክ። ይቺን ግማሹን ብቻ ነው እንዴ ያስተማርካት?"

"ጆሮዋ ላይ ስደርስ ጡረታ ወጣሁ።"

አደባባዩ ሁሉ ሣቀ። እኔ በሣቁ መሐል አለቀስኩ። በኋላ ለብቻችን ስንሆን፣ "ያውቁ ነበር?" አልኳቸው።

"ጽሑፌን ሁሉ አንብበሻል። ረቡዕ የሚል ቃል አይተሻል?"

"አላየሁም።"

"ከሥራዬ ሁሉ የምኮራበት እሱ ነው።"

ማርች 12፣ ማክሰኞ

በጉ ኦኮማ ዳር ታረደ። የወንዙ ጠባቂ ብዙ ተነጋገረ፤ ወንዙ ተቀበለ ተባለ። ናና ተነሥተው፣ "ረቡዕ ከነገ ጀምሮ የሥራ ቀን ነው። ሬዲዮ የሰማ ሁሉ ይምጣ፤ ቆንጨራችንን ስለን ጫካ ውስጥ እንጠብቀዋለን። ወንዛችን ሌላ ቀን መርጧል" አሉ።

"የቱን ቀን፣ ናና?" አልኩ፤ አፌ ቀደመኝ።

 ሕፃናቱ እንኳ መሬት መሬት ማየት ጀመሩ። ፕሮፍን አየሁ፤ ጫማቸውን ያያሉ። ለእሳቸው ነግረዋቸዋል!

"ካሜራ አለሽ አይደል? ፈልጊው" አሉኝ ናና። "ስታገኚው እኔ ጋ እንኳ እንዳትመጪ።"

ማርች 14፣ ሐሙስ። ኩማሲ

ጽሑፉን እንዳይታተም ብዬ ከመጽሔቱ አስመለስኩት። አዘጋጁ ግራ ገብቶት ምክንያት ጠየቀ፤ የለኝም አልኩት። መንሲማ፣ "አብደሻል? ኮሚቴው ሌላ ምን ያይልሻል?" አለች። ያማል። አይ፣ አላሳምረውም፤ በጣም ያማል። ያን ዓረፍተ ነገር ወድጄው ነበር።

ማርች 22፣ ዓርብ

የፕሮፍ በዓል። አዳራሹ ሞልቷል፤ ደቀ መዛሙርቱ ከየአገሩ መጥተዋል፤ ሴሪ የፊት ወንበር ላይ ነው። ስለ መምህሬ የምለውን ብዬ ስጨርስ አንዷ እጇን አወጣች። "የረቡዕ ግኝትሽስ?"

ሁሉም ወደፊት ዘንበል አለ። መተው ብቻ በቂ አልነበረም፤ ቃሉ ከአፌ ወጥቷል፣ አፋፍ ደርሷል። ማፍረስ ነበረብኝ።

"የካሜራዎቹን ሰዓት ስናስተካክል ተሳስተናል። የረቡዕ ቀን የተባለው ሌሊት ነበር። በቀን ጫካው ባዶ ቤት ነው።"

ሣቁ። ሴሪ ለጎረቤቱ የሆነ ነገር ሹክ አለና እሱም ሣቀ። ከመድረኩ እስክወርድ መንገዱ ረዘመብኝ። ያልሣቁት ፕሮፍ ብቻ ናቸው፤ ተነሥተው ቆመው አጨበጨቡ፣ ብቻቸውን፣ ሌላው ግራ ገብቶት እስኪከተላቸው።

(ቀን የለውም)

ኮሚቴው አላሳለፈኝም። በአዲሶቹ ካሜራዎች ዝናቡ ከጀመረ ወዲህ ያለውን ሁሉ ዛሬ ሳይ ዋልኩ።

አገኘሁት! ረፋድ ላይ፣ ባኩ ሥር፣ አንዲት ሚዳቋ ጆሮዋን ጥላ ትበላለች፤ አሳማዎች ከነልጆቻቸው፤ አይጡ ዘሩን ነክሶ ወደ እርሻው ድንበር። ደጋግሜ አረጋገጥኩ፤ ሁሌም ያው ቀን ነው። ያንን ረቡዕ ካየሁበት ቀን የበለጠ ልቤ ዘለለ፤ ወንበሬን ገልብጬ ነው የተነሣሁት!

የቱ ቀን እንደሆነ እዚህ አልጽፍም። ዛሬ የዚህን ገጽ ቀን የተውኩትም ለዚሁ ነው፤ ዛሬ ራሱ ያው ቀን ነው።

ኢሳካ የወንበሩን ድምፅ ሰምቶ እየሮጠ ገባ። "ምነው ዶክተር? ምን አገኙ?"

ሣቄንና እንባዬን መያዝ እያቃተኝ፣ "ምንም" አልኩት።